ነጠላ ዜማ ሆኖ እንኳ ያልወጣው ዘፈን

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ እሱም አራት ደቂቃ አይሞላም። ፒክሲስ የሚባለው የቦስተን ባንድ በ1988 ባወጣው «ሰርፈር ሮዛ» አልበም ላይ ሰባተኛ ሆኖ የሚገኘው «ዌር ኢዝ ማይ ማይንድ?» ነው፤ «አእምሮዬ የት ሄደ?» እንደማለት። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እየቀነስን እየደመርን እንዳናመሽ።

ብዙዎቻችሁ ዘፈኑን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ ከሩቅ የሚመጣውን የሴት «ኡ… ኡ…» የሚል ድምፅ ከፊልም ላይ፣ ወይም ስልክ ላይ ከሚዘዋወሩት አጫጭር ቪዲዮዎች ሰምታችሁታል። ሲወጣ ግን ለብቻው በነጠላ ዜማነት አልተለቀቀም። የነበረበት አልበምም የአሜሪካን የሽያጭ ሰንጠረዥ ደጃፍ አልረገጠም። ታዲያ በዚያ ዓመት አንደኛ ሲባሉ የነበሩ ስንት ዘፈኖች ተረስተው ይኼኛው እንዴት ቀረ? የተለመደው መልስ «ፊልም ነው ያወጣው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ፊልሙ መርዳቱን አልክድም፤ ግን ፊልሙ ዘንድ የደረሰው ሌሎች ተሸክመው አሻግረውት ነው። የተሸከሙበትንም ምክንያት ዘፈኑ ውስጥ መስማት ይቻላል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ስለ ሰዎቹ ትንሽ ልበል። ዘፋኙ ቻርልስ ቶምፕሰንና ጊታሪስቱ ጆይ ሳንቲያጎ የተዋወቁት በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት ነው። ሳንቲያጎ የተወለደው ፊሊፒንስ፣ ማኒላ ነው። ቶምፕሰን በተማሪዎች ልውውጥ ስፓኒሽ ሊማር ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄደና እዚያ ሳለ ከራሱ ጋር ሙግት ገጠመ፤ ወይ ኒውዚላንድ ሄዶ የሃሌይን ጅራታም ኮከብ ማየት፣ ወይ ተመልሶ ባንድ ማቋቋም። ባንዱ አሸነፈ። ሁለቱም ትምህርታቸውን ጥለው ቦስተን ገቡ፤ መጋዘን ውስጥ እየሠሩ በ1986 ሙዚቃውን ጀመሩት። የባንዱን ስም ሳንቲያጎ መዝገበ ቃላት ገልጦ በዘፈቀደ አወጣው። ቶምፕሰን ደግሞ ለራሱ «ብላክ ፍራንሲስ» የሚል የመድረክ ስም ሰጠ።

ቤዝ የሚጫወት ሰው ሲያጡ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጡ። የሚፈለገው «ሁስከር ዱን እና ፒተር፣ ፖል ኤንድ ሜሪን» የሚወድ ሰው ነው ይላል። የመጀመሪያዎቹ ጆሮ የሚበጥሱ ፓንኮች ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ጊታር ይዘው ለስለስ አድርገው በኅብረት የሚዘምሩ፣ እናትና አባት የሚወዷቸው የ1960ዎቹ ፎክ ዘፋኞች ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚወድ ሰው ከየት ይመጣል? አንድ ሰው ብቻ መልስ ሰጠ፤ ኪም ዲል የምትባል የኦሃዮ ልጅ። ቤዝ ሳትይዝ መጣች፤ ምክንያቱም ቤዝ ተጫውታ አታውቅም፣ የምታውቀው ጊታር ነው። እነሱም ተቀበሏት። ድራመሩን ዴቪድ ላቨሪንግን ያመጣው የያኔው ባሏ ነው፤ የሥራ ባልደረባው ነበር።

ያን የጋዜጣ ማስታወቂያ ያነሳሁት ለጨዋታ ማሟያ አይደለም። የዛሬው ዘፈናችን አሠራር እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ጩኸትና ዝማሬ ጎን ለጎን፣ አንዱ ሌላውን ሳያሸንፍ።

የመጀመሪያውን የሙከራ ቅጂ በ1987 የቀረጹት የቶምፕሰን አባት በሰጡት አንድ ሺህ ዶላር፣ በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ቅጂው ለንደን ያለው ፎር ኤ ዲ የተባለ ትንሽ አሳታሚ እጅ ገባ። አሳታሚው ከመካከሉ ስምንት ዘፈን መርጦ የመጀመሪያ ሥራቸው አድርጎ አወጣው፤ ለቀጣዩም ስቲቭ አልቢኒ የሚባል ሰው ተመረጠላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አልቢኒን ሳያውቁ ይህን ዘፈን ማወቅ አይቻልም። ሰውዬው የቺካጎ ጊታሪስትና የድምፅ ቀራጭ ነበር። «ፕሮዲውሰር» መባልን አይወድም ነበር፤ እኔ ቀራጭ ነኝ፣ ባንዱ ያሰማውን እቀርጻለሁ ይል ነበር። ለ«ሰርፈር ሮዛ» የተቀበለው በቁርጥ 1,500 ዶላር ነው። ከሽያጩ መቶኛ ልውሰድ አላለም፤ እንዲያውም መቶኛ መውሰድን እንደ ነውር ያየው ነበር። በ1992 ኒርቫና ለተባለው ዝነኛ የሮክ ባንድ በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ እንዲከፈለኝ እፈልጋለሁ ብሏል፤ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ዋጋዬን እቀበላለሁ፣ አለቀ። አልበሙ በኋላ ምንም ያህል ቢሸጥ ለአልቢኒ የምትጨመር ሳንቲም የለችም። በሰውዬው ቦታ ብሆን ጨክኜ አደርገዋለሁ ብዬ አልምልም።

ቀረጻው በታኅሣሥ 1987 ቦስተን ውስጥ፣ ኪው ዲቪዥን በሚባል ስቱዲዮ ተካሄደ። የዘመኑን የቀረጻ ልማድ አስታውሱ። ሰማንያዎቹ ናቸው። ድራም ሲመታ በማሽን ያብጣል፣ ድንገትም ይቆረጣል። የዘፋኝ ድምፅ ላይ ዲጂታል ማስተጋቢያ ይከመርበታል፤ ኪቦርዱ ሁሉን ያለብሰዋል። ዛሬ ያን ዘመን ዘፈን ሁለት ሰከንድ ብቻ ሰምታችሁ «ይኼ የ1987 ነው» ማለት ትችላላችሁ። አልቢኒ ይህን ሁሉ ይጠላል። ድራሙን ክፍል ውስጥ ያስቀምጥና ማይክ ከቅርብም ከሩቅም ይተክላል። ክፍሉ ራሱ ይሰማል፣ ግድግዳው ይመልሳል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

የኪም ዲልን ድምፅ ለመቅዳት ደግሞ ማስተጋቢያ ማሽን ከመጠቀም ይልቅ ዕቃውን ተሸክመው የስቱዲዮው መታጠቢያ ቤት ገቡ። አዎ፣ መታጠቢያ ቤት። ጠንካራ ግድግዳ ድምፅን አይውጥም፣ ይመልሳል። ያ የምታውቁት፣ ከሌላ ዓለም የሚመጣ የሚመስለው «ኡ…» ባዶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ የዘፈነች ሴት ድምፅ ነው። ዘፈኑን ከርጅና ያዳነው የመጀመሪያ ነገር፣ እንደ እኔ፣ ይህ ነው። የ1987 ማሽን በ1995 ያረጃል። የግድግዳ ማሚቶ ግን ዘመን የለውም። በየአሥር ዓመቱ ዘፈኑን አዲስ የሚሰሙ ልጆች የአባቶቻቸው ነገር የማይመስላቸው ለዚህ ነው።

አሁን ዘፈኑን ራሱን እንክፈተው። አጀማመሩ የተበላሸ ቅጂ ይመስላል። ኪም «ኡ…» ትላለች፤ ብላክ ፍራንሲስ «ስቶፕ» ብሎ ያቋርጣታል። ከዚያ አኩስቲክ ጊታር ለብቻው ይገባል፤ ድራሙና የሳንቲያጎ ኤሌክትሪክ ጊታር ይከተላሉ። ዘፈኑ ገና ሳይጀምር ስለቆመ አድማጩ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ሚዛኑን ያጣል።

ኮርዶቹ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱት የኖታ ስብስቦች፣ አራት ናቸው፦ ኢ ሜጀር፣ ሲ ሻርፕ ማይነር፣ ጂ ሻርፕ ሜጀር፣ ኤ ሜጀር። ጊታር የያዛችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ አንድ ነገር ይቆረቁራችኋል። በኢ ስኬል፣ ማለትም ዘፈኑ በሚመላለስባቸው ኖታዎች ውስጥ፣ ጂ ሻርፕ መሆን የነበረበት ማይነር ነው፤ ፍራንሲስ ግን ሜጀር አደረገው። አንዲት ኖታ ከስኬሉ ውጭ ወጣች ማለት ነው። ጆሮ «አሁን ወደ ሲ ሻርፕ ልንመለስ ነው» ብሎ ይጠብቃል፤ ዘፈኑ ግን ተራምዶ ኤ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። የተጠበቀው ነገር አይመጣም፤ አለመምጣቱም ደጋግሞ ይመጣል። ከላይ ሳንቲያጎ ጥቂት ኖታዎችን እየደጋገመ ይመታል፤ ማንም ጀማሪ በአንድ ከሰዓት ይይዛታል። ጊታር ከሚማሩ ልጆች የመጀመሪያ ዘፈኖች አንዱ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀላል ዘፈን ተሸካሚው ብዙ ነው።

ግጥሙን በተመለከተ፣ እኛ ግጥም ሲሰማ ወርቁን ፍለጋ ሰሙን የምንልጥ ሰዎች ነን። እዚህ ግን ብትልጡ ብትልጡ ዓሣ ነው የምታገኙት። ፍራንሲስ ራሱ እንደተናገረው ሐሳቡ የመጣለት ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ አንዲት ትንሽ ዓሣ ስላሳደደችው ነው። ለምን እንዳሳደደችውም አያውቅም። ግጥሙ እግር ወደ ላይ፣ ጭንቅላት ወደ መሬት በሚል ምስል ይጀምራል፤ ከዚያ ባሕር፣ ድንጋይ ሥር የሚደበቁ እንስሳት፣ ያቺ ዓሣ፣ ከዚያ ጥያቄው። ፍቅር የለም፣ ክህደት የለም፣ ሀገር የለም፣ ዘመን የለም። ታሪክ የሌለው በመሆኑም ማንም የራሱን ታሪክ ሊያስገባበት ይችላል። በፍቅር የተለየም፣ ሥራ ያጣም፣ እንቅልፍ እምቢ ያለውም ሰው የእኔ ነው ይለዋል። ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ስለሚቀር ማንም ሲመልሰው አይሳሳትም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ በወቅቱ ማን አወቀለት ብትሉ፣ ቀራጩ እንኳ አላወቀለትም። አልቢኒ አልበሙን ከጨረሰ በኋላ በአንድ መጽሔት ላይ ባንዱን አናንቆ ጻፈ፤ የሚነዱበት የሚሄዱ አስመስሎ አቀረባቸው። ኋላ ላይ ተጸጽቶ ይቅርታ ጠይቋል። አሳታሚውም ለነጠላ ዜማ የመረጠው ኪም ዲል የምትመራውን «ጃይጋንቲክ»ን ነው። እሱም ቢሆን አላንቀሳቀሰም። አሜሪካ ውስጥ ባንዱ ትልቅ አሳታሚ ስላልነበረው አልበሙ መጀመሪያ ላይ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነበር። የሀገሩ ልጅ የሀገሩን ባንድ ከእንግሊዝ ገዝቶ ያደምጥ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ የተሻለ ነበር፦ «ሜሎዲ ሜከር» እና «ሳውንድስ» የተባሉት የሙዚቃ ጋዜጦች «ሰርፈር ሮዛ»ን የ1988 ምርጥ አልበም አሉት፤ በትንንሽ አሳታሚዎች ሰንጠረዥ ላይም ከዓመት በላይ ቆየ። ገንዘብ ግን ሌላ ነገር ነው። የወርቅ ሰርተፍኬት፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የ500,000 ቅጂ ማረጋገጫ ያገኘው በ2005 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀበት።

በእነዚያ ዓመታት አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ገዢው ጥቂት ነበር፤ ከጥቂቶቹ ግን ስንቶቹ ራሳቸው ሙዚቀኛ ነበሩ መሰላችሁ! ከእነሱ አንዱ የኒርቫና ዘፋኝ ከርት ኮቤይን ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ከሚወዳቸው አልበሞች ዝርዝር «ሰርፈር ሮዛ»ን ሁለተኛ አድርጎ ጽፎታል። በ1994 መጀመሪያ ላይ በወጣ የ«ሮሊንግ ስቶን» ቃለ ምልልስ ደግሞ የኒርቫናን ዝነኛ ዘፈን «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት»ን ሲጽፍ ፒክሲስን ለመኮረጅ እየሞከረ እንደነበር በግልጽ ተናገረ፤ ጸጥ ይሉና ይፈነዳሉ፣ መልሰው ጸጥ ይላሉ። ኒርቫና ለመጨረሻ አልበሙ አልቢኒን የቀጠረው የዚያን ድራም ድምፅ ፈልጎ ነው። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ፒ ጄ ሃርቪም እንዲሁ አልቢኒ ዘንድ ሄደች። የዘጠናዎቹ መጀመሪያ የሮክ ድምፅ ከዚያ ክፍልና ከዚያ መታጠቢያ ቤት ብዙ ተበድሯል፤ ብድሩ ግን በሌሎች ስም ተሸጠ።

ፒክሲሶች ራሳቸው ይህን ሳይበሉ ተበተኑ። በ1992 ዩቱ በተባለው ዝነኛ የአየርላንድ ባንድ ኮንሰርቶች ላይ መክፈቻ ሆነው ተጫወቱ፤ ገና መቀመጫውን እየፈለገ ላለ ሕዝብ ማለት ነው። በ1993 መጀመሪያ ላይ ብላክ ፍራንሲስ ባንዱ መፍረሱን በሬዲዮ ተናገረ። ለዲልና ለላቨሪንግ መርዶውን የላከው በፋክስ ነው። ልጆቻችሁ ፋክስ ምንድን ነው ካሏችሁ ሰው ፊት ለፊት መነጋገር ሲፈራ የሚጠቀምበት ማሽን ነበር በሏቸው። በዚያው ዓመት ኪም ዲል «ብሪደርስ» በተባለው ሌላ ባንዷ «ካነንቦል»ን አወጣች፤ ፒክሲሶች አግኝተውት የማያውቁትን ተወዳጅነትም አገኘች።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ። በ1999 ዴቪድ ፊንቸር ያዘጋጀው «ፋይት ክለብ» መጨረሻ ላይ ሁለቱ ተዋንያን እጅ ለእጅ ተያይዘው በመስኮት ሲያዩ ሕንፃዎቹ ይፈርሳሉ፤ ያኔ ይህ ዘፈን ይገባል። ትዕይንቱ ግሩም ነው፣ አልከራከርም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ፊልሙ ራሱ ሲወጣ ወድቆ ነበር፤ 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው 37 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ነፍስ የዘራው በኋላ በዲቪዲ ነው። ስለዚህ አንድ ዝነኛ ፊልም አንድ ያልታወቀ ዘፈን አነሳ የሚባለው ታሪክ አይሠራም፤ ሁለት የከሰሩ ሥራዎች ተደጋግፈው ተነሱ ብንል ይሻላል። ሁለተኛ፣ በዚያው በ1999 የተለያዩ ባንዶች ለፒክሲስ መታሰቢያ የሠሩት አልበም ወጣ። የአልበሙ ስም ምን ይመስላችኋል? «ዌር ኢዝ ማይ ማይንድ?»። ዘፈኑን የተጫወተው ናዳ ሰርፍ የተባለ ባንድ ነው። በነጠላ ዜማነት ያልወጣ ዘፈን የባንዱ መለያ እንዲሆን የወሰኑት ሙዚቀኞች ናቸው። ገና ሲኒማ ቤት ባዶውን በነበረ ፊልም ተገፋፍተው አደረጉት ብዬ አላምንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ፕላሲቦ የተባለው የለንደን ባንድ በመድረክ ይጫወተው ጀመር። በ2003 ፓሪስ ላይ ሲጫወቱት ብላክ ፍራንሲስ ራሱ ወጥቶ አብሯቸው ዘፈነ፤ የገዛ ባንዱ ፈርሶ የገዛ ዘፈኑን በሰው ባንድ በእንግድነት መዝፈኑ ነው። እንግሊዛዊቷ ራፐር ኤም አይ ኤ በ2007 አልበሟ ላይ የራሷን ዘፈን ሠራችበት። ፈረንሳዊው ማክሰንስ ሲሪን በፒያኖ ብቻ ተጫወተው። የሲሪን ቅጂ ለእኔ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ቃል የለም፣ ጩኸት የለም፣ ድራም የለም፣ ግን ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ታውቁታላችሁ። የምታውቁት በምኑ ነው? ኪም ዲል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባዜመችው ዜማ ነው።

እንግዲህ የሚከነክነኝ ነገር እዚህ ጋ ነው። በአልበሙ ልጣፍ ላይ የዘፈኑ ደራሲ ብላክ ፍራንሲስ ነው፤ ብቻውን። ኮርዱንና ግጥሙን እሱ ስለጻፈ ሕጉም ልማዱም ከእሱ ጋር ነው፤ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ዓለም የሚያንጎራጉረው የእሱን ግጥም አይደለም። ቃል የሌለው ነገር በደራሲነት ለመመዝገብ ይቸገራል፤ ተቀባይ ድምፅ ደግሞ በየትኛውም ሀገር ከጎን የምትቆም ናት። ፍራንሲስና ዲል ለዓመታት የተቋሰሉት ማን ይጻፍ፣ ማን ይዝፈን በሚል ነው። ዲል በባንዱ ውስጥ ለዘፈኖቿ ቦታ ስላጣች ነው ሌላ ቤት የሠራችው።

በ2004 አራቱም ታርቀው መድረክ ላይ ተመለሱ። ኮቼላ በተባለው የካሊፎርኒያ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሲወጡ አልበሙ ሲወጣ ገና ሕፃን የነበረ ሁሉ ቃል በቃል አብሯቸው ዘፈነ። በ2013 ኪም ዲል አዲስ አልበም እየተቀዳ ሳለ ባንዱን ለቃ ወጣች። ከእሷ በኋላ ኪም ሻተክ ለጥቂት ወራት፣ ፓዝ ሌንቻንቲን ለአሥር ዓመት ገደማ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ኤማ ሪቻርድሰን ቤዙን ይዘዋል። ሦስቱም ሴቶች ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ ፒክሲስ ያለ ኪም ዲል ለመኖር ወስኗል፣ ያለዚያ ድምፅ ግን መድረክ መውጣት አይችልም።

ስቲቭ አልቢኒ በግንቦት 2024 በልብ ሕመም አረፈ፤ 61 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኪም ዲል በስሟ የመጀመሪያዋ የሆነውን አልበም አወጣች፤ አብዛኛውን የቀረጸላት አልቢኒ ነው። ያንን አልበም ያላደመጣችሁ እንድታደምጡት አደራ እላለሁ፤ እኔ ከፒክሲስ አዳዲስ ሥራዎች ሁሉ አስበልጠዋለሁ፣ ከፈለጋችሁ ተከራከሩኝ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። አሁን ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናሰማችኋለን። ሦስተኛው ኮርድ ላይ ጆሯችሁን ጣሉበት፤ ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።